አባልነቱን ማን እንዳደሰው

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለሂንዳ፣
ሙስካት

አሰላሙ ዐለይኪ አባዮ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ያመጣችልሽ ኪንሲ አጠገብሽ ቆማ ይሆናል። እባክሽ መጀመሪያ እሷን አስቀምጪና ውሃ ስጫት፤ ከዚያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በረራዋ ቅዳሜ ስለሆነ ነገ ከጁምዓ በኋላ ቤቷ ድረስ ወስጄ እሰጣታለሁ። አዲሱን ቁጥርሽን ሰጥታኝ ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር፤ አላነሳሽም። አልተቀየምኩም፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ከመጀመሪያው ተነሥቶ በቅደም ተከተል ካልተነገረ የሚታመን አይደለም። በስልክ ቢሆን ኖሮ ከመሐሉ ጀምሬ አበላሸው ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን አንዱን ልንገርሽ፦ በዒድ ቀን እናታችን ስልክሽን ያላነሳችው ስላልማረችሽ አይደለም። ያላነሳችው በእኔ ምክንያት ነው።

ለአጎታችን ልጅ በታጨሽ በሳምንቱ ጥለሽ ስትሄጂ እናታችን «ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሣ» ብላ መማሏን ታውቂያለሽ። መሐላዋን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቃለች፤ እኔም አስጠብቄያለሁ። ከስድስት ወር በኋላ የመቁረጫው ማሽን በመንገደኛ እጅ ሲመጣ ከማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ካርቶኑን ልጥለው ስል ግን ከእጄ ተቀበለችኝ። እስከ ዛሬ የዒድ ልብሷ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ማሽኑ ራሱ ምላጭ ያለው ሳጥን ነው፤ ምን እንደሚቆርጥ የሚያውቀው ከስልኬ ላይ ያለው የንድፍ ፕሮግራም ነው። ይህን ያስረዳሽኝ አንቺ ነበርሽ። በነጻው አባልነት ጥቂት ሥዕሎችና ጥቂት የፊደል ዓይነቶች ይሰጡሻል፤ የቀረውን እያሳዩ ይከለክሉሻል። በሚከፈልበት አባልነት ሁሉም ይከፈታል፤ የአበባው ሐረግ፣ የሙሽራው ቅስት፣ የዐረብኛው ጽሕፈት። እኔ ነጻው ይበቃኛል ስል አንቺ «እኔ በመስኮት ያየሁትን አንቺ በበሩ ግቢበት» ብለሽ የራስሽን ካርድ ቁጥር አስገባሽ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጁ ወር በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ካርድሽ ይነካል፣ አባልነቴ ይታደሳል፣ «ታድሷል» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣል።

እናታችን ያን ቀን እንዴት እንደ ያዘችው አላውቅም። የፈረንጅ ወር ቆጥራ አታውቅም። ብቻ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከሥራዬ ክፍል በር ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች፤

«ያ ማሽንሽ ታደሰ?»

«ታደሰ፣ ሆዮ።»

«እህ።»

ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በሦስት ዓመት ውስጥ እኔና እሷ ስለ አንቺ የተነጋገርነው ይህንን ብቻ ነው። ግን ያን ቀን ማታ ራቷን በደንብ እንደምትበላ አስተውያለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥር 9 ቀን፣ በፈረንጁ አሥራ ሰባት፣ ለአንድ የሰርግ አዳራሽ የሙሽሮች ስም እየቆረጥኩ ነበር። እናታችን ከቀፊራ ገበያ ተመልሳ፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። እኔም ራሴን ሳላነሣ «ታደሰ» አልኳት። ስልኬን አላየሁም ነበር። በየወሩ እውነት ስለሆነ ያን ወርም እውነት መስሎኝ ነው። ከሄደች በኋላ ስከፍተው ግን ክፍያው አልተሳካም ይላል። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልተሳካም። ላንቺ ደወልኩ፤ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም።

አንቺ ታውቂኛለሽ። ከመጽሐፍ ውስጥ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ካየሁ በእርሳስ ሳላርም የማላልፍ ሰው ነኝ። ከፊቴ ሁለት መንገድ ነበር፤ ወይ ወደ እናቴ ሄጄ ቃሌን ማንሣት፣ ወይ ሳይመሽ ቃሌን እውነት ማድረግ። የመጀመሪያውን ብመርጥ «ካርዷ ለምን እምቢ አለ? ስልኳስ?» ትላለች፤ ለዚያ መልስ የለኝም። ሁለተኛውን መረጥኩ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የዐብዱልዓዚዝ ሱቅ ሄድኩ። ስልክ የሚጠግነው ዐብዱልዓዚዝ ወንድሙ ዱባይ ስላለ በእሱ ካርድ ለሰው ይከፍላል።

«አቦ ኢድል» አለኝ፣ የፕሮግራሙን ገጽ አይቶ፤ «ነጻው አለ አይደል እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ?»

«የምፈልገው ነገር ነጻው ውስጥ የለም።»

«ምንድን ነው የሌለው?»

«ፊደል» አልኩት።

«ያ ረቢ! ከሀ እስከ ፐ አልበቃሽም? አንቺ ልጅ፣ የተማርሽውን ሁሉ ልትገዢው ነው?»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከፈለልኝ፤ «ታድሷል» የሚለው መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ወደ ቤት ስመለስ ሐሰተኛ አልነበርኩም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፣ አባዮ፤ እንዲህ ነበር ራሴን ያሳመንኩት።

በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያ፣ በግንቦትም እንዲሁ አደረግሁ። «ታደሰ?» ትላለች፤ «ታደሰ» እላለሁ፤ መልሴ ቃል በቃል እውነት ነው። ማን እንዳደሰው ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም። እውነትን እንዲህ አድርጎ እንደ ግድግዳ መገንባት እንደሚቻል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ባቆም፣ እናታችን አንቺን ወይ ቆርጣብናለች ወይ ሞታለች ብላ ትደመድማለች። ብቀጥል፣ ደኅና ነች፣ ጠግባለች፣ ኮርታብናለች ብላ ታምናለች። እኔም አንቺ ምን እንደ ሆንሽ ሳላውቅ፣ በየወሩ በሰው ካርድ ሕይወትሽን እያደስኩ ተቀመጥኩ። የሥራዬ ክፍል አንድ መስኮት ነው ያላት፣ እሱም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚከፈተው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆምና ሙቀቱ ከወረቀቱ ጋር ተደርቦ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ማሽኑን እያየሁ፣ እጄን የያዘኝ ማሽኑ ይሁን የራሴ ቃል ሳስብ እውላለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ የተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ እስከ መስከረም መልስ ስጪ ብሎኛል። እናታችንን ብቻዋን ትቼ እንደማልሄድ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ስለ እሱ አልጽፍልሽም።

በዒድ አልፈጥር ቀን ጎረቤታችን ናስቲሆ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። እኔ ሐልዋ በሳህን ይዤ እየገባሁ ሳለ ምንጣፉ ላይ የነበረው የእናታችን ስልክ ጮኸ። የማናውቀው የውጭ ቁጥር ነው።

«አንሺው እንጂ ዳሃቦ» አለቻት ናስቲሆ፤ «ልጅሽ ትሆናለች።»

«ልጄ?» አለች እናታችን። ለስልኩ ጀርባዋን ሰጠች። «ለማሽን በየወሩ የምትከፍል ሰው ለራሷ ስልክ ታጣለች? አንደበት የሌለው ሳጥን ይከፈልለታል፤ እናት አንደበት እያላት አይደወልላትም። በሰው ስልክ የሚደውል ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ራሱን የደበቀ ነው።»

«የዒድ ቀን ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ልብሽ ከምን ተሠራ?»

«ካንቺ ሐልዋ ይጠነክራል። ብዪ።»

ናስቲሆ ሳቀች። ስልኩ እስከ መጨረሻው ጮኾ ዝም አለ። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ። «ከጥር ጀምሮ የምከፍለው እኔ ነኝ» ለማለት አምስት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። አፌን ከፈትኩ፤ በእንግዳ ፊት አይባልም ብዬ ዘጋሁት። እንግዳዋ ከሄደች በኋላም ዘግቼው ቀረሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ እንደገና ተደወለ። በሳምንቱ ሦስተኛ ጊዜ ተደወለ። ያን ጊዜ እናታችን ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ፣ እስኪያበቃ ጠበቀችና «ይሄ ሰው አይደክመውም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። እኔ ተደብቄ ያን ቁጥር መልሼ ደወልኩበት፤ በማላውቀው ቋንቋ የሚናገር ወንድ አንሥቶ ጥቂት ጮኾብኝ ዘጋው። የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ተጽናናሁ። እንዲህ ስላለው ማጽናኛ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ኪንሲ ለዐረፋ ከሙስካት መጥታ ስትጠይቀን፣ እናታችን ጓዳ እያለች እኔን ወደ በር ጎትታ የነገረችኝን አንቺ ታውቂዋለሽ። የምትሠሪበት የልብስ ስፌት ቤት በጥር እንደ ተዘጋ፤ ደመወዝ የሚገባበት ካርድም፣ የስልክ መስመሩም የቤቱ ስለነበሩ አብረው እንደ ተዘጉ፤ ባልሽ ሲያድም ያን ጊዜ ሥራ ላይ እንዳልነበረ፤ በየካቲት ሴት ልጅ ወልደሽ ዐማል እንዳልሻት። በጎረቤት ባለ ሱቁ ስልክ፣ በቃልሽ በምታውቂው በእናታችን ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ ደውለሽ ሳናነሣ ስንቀር «እናቴ አልማረችኝም፤ አራተኛ አልደውልም» ማለትሽን።

«አንቺስ ኢድል?» አለችኝ ኪንሲ። «እሷስ እናት ነች፣ መሐላ አለባት። አንቺ እንኳ አታነሺም?»

 እህት ልጅ እንዳለችኝ ያወቅሁት እንዲህ በር ላይ ቆሜ፣ እየተወቀስኩ ነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ያዝኩት። ለምን እንደ ያዝኩት ሰበብ አልፈጥርልሽም፤ ፈርቼ ነው። አሥራ ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ወደ ዐብዱልዓዚዝ ሱቅ አልሄድኩም። እናታችን በሩ ላይ መጣች።

«ያ ማሽንሽ ታደሰ?»

«አልታደሰም፣ ሆዮ።»

ቆመች። ስሟ እንደ ተጠራ ልጅ እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ካርዷ ምን ሆነ?» አለች።

«ካርዷ» አለች፣ አባዮ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ አንቺ እኔን የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ከጥር ጀምሮ ያለውን፣ የዐብዱልዓዚዝን ካርድ፣ የስፌት ቤቱን፣ የዐማልን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤

«የዒድ ቀን የደወለው?»

«እሷ ነበረች።»

የበሩን መቃን ይዛ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም፤ ምግቤን ከፊቴ ታስቀምጥና ትሄዳለች።

እኔም በእነዚያ ቀኖች የነጻው አባልነት ምን እንደሆነ በሚገባ ተማርኩ። የሠራሁት አንድም አልጠፋም፤ ሁሉም ይከፈትልኛል። የአዳራሹ ቅስት አለ፣ የአበባው ሐረግ አለ። ቁረጥ ስለው ግን መጀመሪያ ግዢ ይለኛል። ሁለት ዓመት ተኩል የደከምኩበት ሥራ በመስታወት ጀርባ ቆሞ ያየኛል። መቁረጥ የምችለው ማንም የማይፈልገውን ኮከብና ልብ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ባለ ባጃጁ ጃማዕ መጣ። አምና በኋላ መስታወቱ ላይ የለጠፍኩለት አንበሳ በፀሐይ ተቃጥሎ ነበርና ሌላ ይፈልጋል።

«ያ አንበሳ የለም» አልኩት፤ «የሚከፈልበት ነው። ነጻው ውስጥ ያለው ይሄ ነው።»

ስልኩን ወስዶ አየው። «ወላሂ፣ ይሄ አንበሳ ሳይሆን ወተት የጠጣ ድመት ነው! ይህን ለጥፌ ጣቢያ ብሰለፍ ባጃጄን ራሱ ይሰድቡብኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ?»

«ራሴ ብሥልልሽስ? ይቀበላል?»

ይቀበላል። ሁለት ዓመት ተኩል ስሠራበት አስቤው የማላውቀውን ጠየቀኝ። የራስን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ማስገባት በነጻውም ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው የእነሱ ነው እንጂ የራስሽ አይደለም። ጃማዕ የጀልዴሳ፣ የግመል አገር ልጅ ነው። ከእጄ እስክሪብቶ ተቀብሎ በወረቀት ከረጢት ላይ ግመል ሣለ፤ አንገቱ ረዝሞ፣ አንዱ እግሩ አጥሮ። «አባቴ ጋር የነበረችው ግመል ናት፤ በእውነትም ታነክስ ነበር» አለኝ። ፎቶ አንሥቼ አስገባሁት፤ ማሽኑ አንካሳዋን ግመል ከነአንካሳነቷ ቆረጣት። ምንም ግዢ አልጠየቀኝም። ጃማዕ «ማሻ አላህ!» እያለ ሲጮኽ እናታችን በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ክፍሌ ገባች። በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገባች። ከማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

«አሁን ይሄ ነገር ነጻ ነው?»

«አዎ፣ ሆዮ።»

«ማንም አይከፍልበትም?»

«ማንም።»

«ግመሏን አይቻለሁ። ምን ምን ይቆርጣል?»

«እኛ የሰጠነውን ብቻ።»

 ከዚያ ቀኝ እጇን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። «ዙሪያዋን አስምሪ» አለችኝ። አሰመርኩ። ጣቶቿን ገጥማ መዘርጋት አትችልም፤ በጅቡቲ ንግድ ዘመኗ የባቡሩ በር የቀጠቀጣት ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጎብጣ እንደ ቀረች ታስታውሻለሽ፤ ልጆች ሆነን እየያዝናት የምንተኛው እሷን ነበር። እስክሪብቶው እዚያ ሲደርስ አቆምኩ። «ቀጥ አድርገሽ እንዳትሥያት» አለችኝ፤ «እንዳለች ሣያት። ካለበለዚያ የኔ መሆኗን አታውቅም።»

ወርቃማ ወረቀት ላወጣ ስል «ይሄ የሰርግ ነው» ብላ መለሰችው። ራሷ መርጣ ቡናማውን ሰጠችኝ። ማሽኑ እስኪጨርስ ዐይኗን ሳትነቅል አየች። የተቆረጠውን መዳፍ አንሥታ ከራሷ መዳፍ ላይ ገጥማ ለካችው፤ ከዚያ ሰጠችኝ።

«ይህን ላኪላት። ቃል አትጨምሪበት።»

ቃል ጨምሬበታለሁ። ስድስት ገጽ ሆነ። ያልተነገረ ነገር ምን እንደሚያደርግ ስላየሁ ነው፤ አላህም እናታችንም ይቅር ይበሉኝ። አንቺ ግን ይቅር ከማለትሽ በፊት እዘኚብኝ፤ መብትሽ ነው።

መዳፉ ከመጨረሻው ገጽ ጋር ተጣጥፎ አለ። በጥንቃቄ ክፈቺው፤ ትንሿ ጣት በቀላሉ ትቀደዳለች። ከክፍሌ ልትወጣ ስትል እናታችን በሩ ላይ ዘወር ብላ ያለችኝንም እንዳለ ልጻፍልሽ፤ «ነጻ ከሆነ የልጅቷንም መዳፍ አስምራ ትላክልኝ። ካርቶን አለኝ፣ አስቀምጠዋለሁ።»

አባዮ፣ አላህ የዐማልን እጅ እንደ አያቷ እጅ ብርቱ፣ ለመዘርጋት ግን ከሁላችንም የፈጠነ ያድርገው። ለሲያድ ሥራ፣ ላንቺ ዕረፍት፣ በቤታችሁም ሳቅ ይስጥልኝ። አራተኛውን ስልክ እንድትደውዪ አልለምንሽም፤ የመለመን ፊት የለኝም።

ታናሽ እህትሽ
ኢድል

ደብዳቤውን ከዘጋሁት በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፤ እናታችን ከትናንት ጀምሮ ስልኳን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።